ፓርቲሽኑ የጠፋበት ዲስክና ያልተረከቡት የሰርግ ቪዲዮዎች

የአንባቢያችን ደብዳቤ፦ «በደሴ አነስተኛ የፎቶና የቪዲዮ ስቱዲዮ አለኝ። በጥር የቀረጽኳቸውን ሰርጎች በሙሉ የማስቀምጠው 2 ቴራባይት በሆነ ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ ላይ ነው። ዲስኩ ለሁለት የተከፈለ ሲሆን አንዱ ክፍል ለቪዲዮ፣ ሌላው ለፎቶ ነበር። ባለፈው ሳምንት ረዳቴ በኤዲቲንግ ኮምፒውተራችን ላይ ዊንዶውስ እንደ አዲስ ሲጭን ይህ ዲስክ እንደተሰካ ነበር፤ የኮምፒውተሩን ፓርቲሽኖች (የዲስኩን ክፍሎች) ያጠፋ መስሎት የኤክስተርናሉን ሁለቱንም አጠፋቸው። መሳሳቱን የተረዳው መጫኑ ከመጀመሩ በፊት ነው። አሁን ዲስኩ ዲስክ ማኔጅመንት በሚባለው የዊንዶውስ መሣሪያ ውስጥ ሙሉው በጥቁር መስመር ‹አንአሎኬትድ› (ያልተመደበ) ተብሎ ይታያል። አንድ ጓደኛዬ አዲስ ፓርቲሽን ፈጥሬ ፎርማት ካደረግኩት በኋላ በሶፍትዌር እንደሚመለስ ነገረኝ። አንድ ጥገና ቤት ደግሞ ዲስኩን ትቼ እንድሄድና ገንዘቡን በቅድሚያ እንድከፍል ጠየቀኝ። ቪዲዮአቸውን ገና ያልተረከቡ ሙሽሮች አሉ። ምን ባደርግ ይሻላል?»

ውድ ጠያቂያችን፣

ይህን መልስ አንብበው እስኪጨርሱ ድረስ ዲስኩን ከኮምፒውተሩ ይንቀሉትና ያስቀምጡት። አዲስ ፓርቲሽን አይፍጠሩበት፣ ፎርማት አያድርጉት፣ ሲሰኩት ዊንዶውስ አንዳች ነገር እንዲያደርግለት ከጠየቀዎም አይፍቀዱለት። በደብዳቤዎ በገለጹት ሁኔታ ላይ ያለ ዲስክ፣ ከዚያ ወዲህ ምንም ያልተጻፈበት ከሆነ፣ ፋይሎቹ ከነስማቸውና ከነፎልደራቸው የመመለሳቸው ዕድል በጣም ሰፊ ነው። ረዳትዎ መጫኑ ከመጀመሩ በፊት ማቆሙ ትልቅ ነገር ነው፤ ዊንዶውሱ በዚያ ዲስክ ላይ ተጭኖ ቢሆን ኖሮ በርካታ ጊጋባይት አዲስ ጽሑፍ በሰርጎቹ ላይ ያርፍ ነበርና የምንሰጥዎ መልስ ሌላ በሆነ ነበር።

የጠፋው ነገር ምን ያህል ትንሽ እንደሆነ ማወቅዎ ከችኮላ ይጠብቅዎታል። በቀድሞው የአከፋፈል ሥርዓት፣ ማለትም ኤምቢአር በሚባለው፣ የዲስኩ አከፋፈል የሚመዘገበው በመጀመሪያው ሴክተር፣ ማለትም ዲስኩ መረጃ በሚጽፍበት ትንሹ ክፍል፣ ውስጥ ነው። ሴክተሩ 512 ባይት ሲሆን ከዚያ ውስጥ ለፓርቲሽኖቹ ሠንጠረዥ የተመደበው 64 ባይት ብቻ ነው፤ ለእያንዳንዱ ፓርቲሽን 16 ባይት ይደርሰዋል፤ የሚጻፍበትም ፓርቲሽኑ ከየት ይጀምራል፣ ምን ያህል ይረዝማል፣ ዓይነቱስ ምንድን ነው የሚለው ነው። አዲሱ ሥርዓት ጂፒቲ ሠንጠረዡን በዲስኩ መጀመሪያ ላይ ይጽፍና ቅጂውን በዲስኩ መጨረሻ ያስቀምጣል፤ ነገር ግን ፓርቲሽን በትእዛዝ ሲጠፋ ሁለቱም ቅጂዎች አብረው ስለሚታደሱ ያ ቅጂ በእርስዎ ጉዳይ ላይ አይረዳም። በሁለቱም ሥርዓት ግን ረዳትዎ የሰረዘው ይህን አጭር መዝገብ እንጂ ቪዲዮዎቹን አይደለም። የወሰን ድንጋይ ከቦታው ቢነሳ በማሳው ላይ ያለው እህል አብሮ እንደማይነሳ ማለት ነው። የእያንዳንዱ ፋይል ስም፣ መጠንና ያለበት ቦታ የተጻፈው በፓርቲሽኑ በራሱ ውስጥ ነው። ዲስክዎ የተዘጋጀው፣ እንደ አብዛኛው የዊንዶውስ ዲስክ፣ ኤንቲኤፍኤስ በሚባለው የፋይል አደራደር ሥርዓት ከሆነ ደግሞ የፓርቲሽኑ መነሻ ሴክተር ቅጂ በዚያው ፓርቲሽን የመጨረሻ ሴክተር ላይ ስለሚቀመጥ፣ መነሻው ቢበላሽ እንኳ ከመጨረሻው ተነስቶ ወሰኑን መልሶ ማግኘት ይቻላል።

የጓደኛዎ ምክር ከቅን ልብ የመጣ ለመሆኑ አንጠራጠርም፤ ቢሆንም አይከተሉት። ፎርማት ሲያደርጉ «ኩዊክ ፎርማት» የሚለው ሳጥን ምልክት ካለበት ዊንዶውስ አዲስና ባዶ የፋይል መዝገብ ይጽፋል፤ ይህም አሮጌውን መዝገብ በከፊል ይሸፍነዋል፣ በተለይም አዲሱ ፓርቲሽን አሮጌው ከነበረበት ቦታ ከጀመረ። ምልክቱ ከተነሳ ግን ነገሩ ፈጽሞ ይለወጣል። ከዊንዶውስ ቪስታ ጀምሮ ሙሉ ፎርማት በፓርቲሽኑ ላይ ከዳር እስከ ዳር ዜሮ ይጽፋል፤ ከዚያ በኋላ የትኛውም ሶፍትዌር፣ የትኛውም ባለሙያ የሚመልሰው አይኖርም። ሁለቱ የሚለያዩት በአንዲት ትንሽ ሳጥን ነውና፣ ወደዚያ መስኮት ጨርሶ ባይገቡ ይመረጣል። ዲስክዎ የሚሽከረከር ሃርድ ዲስክ መሆኑም ጠቅሞዎታል። የሚሽከረከር አካል የሌለው ኤስኤስዲ ቢሆን ኖሮ ፈጣኑ ፎርማት እንኳ «ይህ ቦታ ከእንግዲህ አያስፈልግም» የሚለውን፣ ትሪም የሚባለውን ትእዛዝ ሊያስተላልፍበትና ዲስኩ ራሱ ይዘቱን ሊያጸዳው ይችል ነበር።

የመጀመሪያው ሥራ ዲስኩን እንዳለ መቅዳት ነው። ይህን ብዙ ሰው ይዘለዋል፤ ምክንያቱም ሌላ ዲስክ መግዛት ይጠይቃል፣ ጊዜም ይወስዳል። የእኛ አቋም ግን ግልጽ ነው፦ የሰው ሰርግ የተቀረጸበት ዲስክ ሳይቀዳ አይነካም። የሚገዙት ዲስክ ፓርቲሽኑ ከጠፋበት ጋር በአቅም እኩል ቢሆን በቂ ላይሆን ይችላል። የዲስኩን ሙሉ ይዘት አንድ ትልቅ ፋይል፣ ማለትም ኢሜጅ፣ አድርገው የሚያስቀምጡ ከሆነ ፋይሉ ራሱ 2 ቴራባይት ስለሚሆን 2 ቴራባይት በሚል ሌላ ዲስክ ላይ አይበቃውም። በተጨማሪም ከዚያው የሚመለሱትን ፋይሎች የሚያስቀምጡበት ቦታ ያስፈልግዎታል፤ ስለዚህ 4 ቴራባይት ያለው ዲስክ ይሻላል። ተቀባዩ ዲስክ ፋት32 በሚባለው የቆየ የፋይል አደራደር ሥርዓት የተዘጋጀ መሆን የለበትም፤ ፋት32 ከ4 ጊጋባይት በላይ የሆነ ፋይል አይቀበልምና።

ለመቅዳት የምንመክርዎ ዲዲሬስኪዩ የተባለውን ነጻ ፕሮግራም ነው። ሲስተምሬስኪዩ በተባለው፣ ከፍላሽ በሚነሳ የሊኑክስ ሥርዓት ውስጥ ተዘጋጅቶ ይገኛል፤ ኮምፒውተሩን በዚያ ፍላሽ ካስነሱት ዊንዶውስ ዲስኩን የሚነካበት ዕድልም አይኖርም። የዲዲሬስኪዩ ታላቅ ጥቅም እስከ የት እንደቀዳ የሚመዘግብበት ካርታ የሚባል ትንሽ ፋይል መያዙ ነው። መብራት ቢጠፋ፣ ኬብል ቢነቀል ወይም ራስዎ ቢያቋርጡት፣ ያንኑ ትእዛዝ ከዚያው የካርታ ፋይል ጋር ሲደግሙት ካቆመበት ይቀጥላል። ካርታውን ግን በተቀባዩ ዲስክ ላይ ማስቀመጥ አለብዎት፤ ከፍላሽ በተነሳው ሥርዓት ውስጥ ከተዉት መብራት ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል። መብራት በሚቆራረጥበት አካባቢ ይህ ቀላል ጉዳይ አይደለም። በሴኮንድ ወደ 100 ሜጋባይት በሚያነብ ዲስክ 2 ቴራባይት ለመቅዳት አምስት ሰዓት ተኩል ያህል ይፈጃል፤ በአሮጌው ዩኤስቢ 2 መሰኪያ ከሆነ ደግሞ ከግማሽ ቀን በላይ ይሄዳል። ስለዚህ በኮምፒውተሩ ላይ ካለ ፈጣኑን፣ አብዛኛውን ጊዜ ውስጡ ሰማያዊ የሆነውን መሰኪያ ይጠቀሙ።

አንድ ቦታ ላይ ግን እጅዎን ቀስ ያድርጉ። በትእዛዙ ውስጥ መጀመሪያ የሚጻፈው የሚቀዳው ዲስክ፣ ቀጥሎ የሚጻፈው ተቀባዩ፣ በመጨረሻም የካርታው ፋይል ነው። ቅደም ተከተሉ ቢገለበጥ ባዶው ዲስክ በሰርጎቹ ላይ ሊጻፍ ይችላል፤ የምንፈራው ከሁሉ በላይ ይህን ነው። ሊኑክሱ የዲስኮቹን ዝርዝር ሲያሳይ አቅማቸውንና ሞዴላቸውን ከዲስኩ ጀርባ ከተለጠፈው ወረቀት ጋር ያስተያዩ፤ ሌላ ሰው አጠገብዎ ቆሞ ጮክ ብሎ ቢያነብልዎ ደግሞ ይበልጥ ጥሩ ነው።

ከዚህ ሁሉ በፊት የዲስኩን ድምፅ ያዳምጡ። እየደጋገመ ቀጭ ቀጭ የሚል፣ እየተነሳ የሚቆም ወይም የሚፍጨረጨር ድምፅ ካለው ችግሩ የፓርቲሽን ብቻ ስላልሆነ ወዲያው ያጥፉትና ለእንዲህ ያለው ሥራ መሣሪያና ንጹሕ ክፍል ወዳለው ባለሙያ ይውሰዱት። ከፍተው ለማየት አይሞክሩ፣ በሚወራው መሠረትም ፍሪጅ ውስጥ አያስገቡት። ድምፁ ደህና ከሆነ የጤንነት መረጃውን ክሪስታልዲስክኢንፎ በመሳሰለ ፕሮግራም ማየት ይቻላል፤ የተተኩ ሴክተሮች ወይም በመጠባበቅ ላይ ያሉ ሴክተሮች በሚለው አንጻር ከዜሮ የተለየ ቁጥር ካዩ መቅዳቱን ለነገ አያሳድሩት።

ቅጂው ካለቀ በኋላ ዋናውን ዲስክ ነቅለው መሳቢያ ውስጥ ይቆልፉበት፤ ከዚህ ወዲያ የሚሠራው በቅጂው ላይ ነው። ለዚህ ሥራ ቴስትዲስክ የተባለውን ፕሮግራም ይጠቀሙ። ክሪስቶፍ ግረኒየ የተባለ ፈረንሳዊ ባለሙያ የሠራው ነጻ ፕሮግራም ሲሆን ዋና ዓላማውም የጠፋ ፓርቲሽን ማግኘት ነው። ከሠሪው ከራሱ ድረ ገጽ ያውርዱት። «ክራክ» ተደርገው በቴሌግራም የሚዘዋወሩትን የሚከፈልባቸው የፋይል ማዳኛ ሶፍትዌሮች ግን አይንኩ፤ አብዛኛውን ጊዜ ምን ይዘው እንደሚመጡ አይታወቅም፣ የእርስዎ ዲስክ ደግሞ አሁን ሌላ በሽታ የሚችልበት አቅም የለውም።

ቴስትዲስክ ሲከፈት በጥቁር መስኮት ላይ ነጭ ጽሑፍ ብቻ ያያሉ፤ በማውስ አይታዘዝም፣ በቀስት ቁልፎችና በኢንተር ነው የሚሄደው። ቅጂውን ሲመርጡለት የአከፋፈሉን ዓይነት፣ ማለትም ኤምቢአር ይሁን ጂፒቲ፣ ራሱ ገምቶ ይጠቁምዎታል፤ የተለየ ምክንያት ከሌለዎት ግምቱን ይቀበሉት። ቀጥሎ «አናላይዝ»፣ ከዚያም «ኩዊክ ሰርች» የሚለውን ሲያስጀምሩ የፓርቲሽን መነሻ የሚመስሉ ሴክተሮችን ይፈልጋል፤ ያገኛቸውን መስመር በመስመር ይዘረዝራቸዋል። የመጀመሪያው ፍለጋ ሁለቱንም ካላገኘ «ዲፐር ሰርች» የሚለው በፓርቲሽኖቹ መጨረሻ ላይ ያሉትን ቅጂዎች ጭምር ይፈልጋል፤ ይህ ሰዓታት ሊወስድ ስለሚችል በትዕግሥት ይጠብቁት። ዲስኩ ቀድሞ በሌላ መልክ ተከፍሎ ከነበረ የድሮው አከፋፈልም አብሮ ሊወጣና በአዲሱ ላይ ተደራርቦ ሊታይ ይችላል። አይደንግጡ፤ የእርስዎን ሁለቱን በመጠናቸውና በይዘታቸው ይለያሉ።

ወሳኙ ቅጽበት እዚህ ላይ ነው። በአንዱ መስመር ላይ ቆመው ፒ የምትባለዋን የእንግሊዝኛ ፊደል ሲጫኑ በዚያ ፓርቲሽን ውስጥ ያሉት ፎልደሮችና ፋይሎች ስማቸው፣ ቀናቸውና መጠናቸው ተዘርዝሮ ይመጣል። በግዕዝ ፊደል የሰየሟቸው ፎልደሮች በዚያ ጥቁር መስኮት ላይ ሳጥን ወይም የጥያቄ ምልክት ሆነው ሊታዩ ይችላሉ፤ ይህ መስኮቱ ፊደሉን ማሳየት ባለመቻሉ ነውና በዚያ ብቻ ፋይሉ ተበላሽቷል ብለው አይደምድሙ። ፎልደሮቹን በቀናቸው ይለዩዋቸው፤ የጥር ሰርጎች የጥርን ቀን ይዘው ይገኛሉ። ዝርዝሩን ካዩ በኋላ ኤ በምትባለዋ ፊደል ሁሉንም መርጠው፣ ትልቋን ሲ ተጭነው ወደ ተቀባዩ ዲስክ ይቅዱ። «ራይት» የሚለው ምርጫ፣ የጠፋውን ሠንጠረዥ መልሶ በዲስኩ ላይ የሚጽፈው፣ ፈጣን ስለሆነ ብዙዎች ይወዱታል፤ እኛ ግን ለሰርግ ቪዲዮ ፋይሎቹን እንዲህ ቀድቶ ማውጣቱን እንመርጣለን፣ የተሳሳተ ወሰን ከተጻፈ ዊንዶውስ በሚቀጥለው ጊዜ ሲከፍተው «ልጠግነው» ብሎ ተጨማሪ ጉዳት ሊያደርስ ይችላልና። የፋይሎቹን ዝርዝር በዓይንዎ ሳያዩ ግን በምንም ሁኔታ ራይት አይበሉ።

ዝርዝሩ ካልመጣ ወይም ጎድሎ ከመጣ ተስፋው አልተቆረጠም። ከቴስትዲስክ ጋር አብሮ የሚመጣው ፎቶሬክ የፋይል መዝገቡን ወደ ጎን ትቶ እያንዳንዱን ፋይል በይዘቱ አጀማመር ያውቀዋል፤ የጄፔግ ፎቶም ሆነ የኤምፒ4 ቪዲዮ የየራሱ የታወቀ አጀማመር አለው። ዋጋው ስም ማጣት ነው። የሚወጡት ፋይሎች ኤፍ በምትል ፊደልና በሴክተር ቁጥር ተሰይመው፣ በ500 በ500 እየተከፈሉ በፎልደር ይቀመጣሉ፤ የማን ሰርግ የትኛው እንደሆነ የሚለዩት እርስዎ ነዎት። ለፎቶዎቹ ካሜራው በውስጣቸው የጻፈው ቀንና ሰዓት ስለሚኖር በዚያ ማደራጀት ይቻላል። ቪዲዮ ግን የተለየ ችግር አለው፦ ፎቶሬክ በደንብ የሚመልሰው በዲስኩ ላይ በተከታታይ የተጻፈን ፋይል ነው፤ ዲስኩ ሞልቶ ፋይሉ በየቦታው ተቆራርጦ ከተጻፈ የሚወጣው ቪዲዮ መሃል ላይ ይቆማል ወይም ጨርሶ አይከፈትም። ቴስትዲስክን ያስቀደምነው በዚህ ምክንያት ነው።

ከዲስኩ ጎን ለጎን ብዙ ሰው የሚረሳው ሌላ ምንጭ አለ፤ እሱም የካሜራዎ ሚሞሪ ካርዶች ናቸው። ካሜራው ካርዱን ፎርማት ሲያደርግ በአብዛኛው የሚያድሰው መዝገቡን ብቻ ስለሆነ፣ ከዚያ ሰርግ በኋላ ሌላ ያልተቀረጸባቸው ወይም ጥቂት ብቻ የተቀረጸባቸው ካርዶች ዋናውን ቪዲዮ አሁንም ይዘው ሊሆን ይችላል። ዛሬውኑ ካርዶቹን ሁሉ ይሰብስቡ፣ በጎናቸው ያለውን መቆለፊያ ወደ ታች ያድርጉ፣ የሚቀጥለውን ሥራ በሌላ ካርድ ይቅረጹ። ካርዶቹንም እንደ ዲስኩ መጀመሪያ ይቅዱና በቅጂው ላይ ይሥሩ። የኤዲቲንጉ ኮምፒውተር ዊንዶውስ ገና እንደ አዲስ ካልተጫነበት በዚያ ላይ ያለው የኤዲቲንግ ፕሮግራም የሠራቸው ረዳት ቅጂዎችና ኤክስፖርት የተደረጉ ሙከራዎችም ይገኙ ይሆናል፤ ስለዚህ የዊንዶውሱን ሥራ ለጊዜው ያቁሙት። ለሙሽሮቹ አስቀድመው በቴሌግራም የላኳቸውን ቅንጫቢዎችና በፍላሽ የሰጧቸውንም ይመዝግቡ።

ጥገና ቤቱን በሚመለከት፣ ይህን ሁሉ በራስዎ ለማድረግ ካልደፈሩ ለባለሙያ መስጠት ነውር የለበትም፤ ይልቁንም ለብዙ ሰው የተሻለ ነው። ነገር ግን ዲስኩን ትተው ከመሄድዎ በፊት ሦስት ነገር ይጠይቁ። ሥራው የሚሠራው በቅጂ ላይ ነው ወይስ በዋናው? ከመክፈልዎ በፊት የተገኙትን ፋይሎች ዝርዝር ያሳያሉ? የተመለሱት ፋይሎችስ ከእነሱ ኮምፒውተር ላይ መቼና እንዴት ይጠፋሉ? የመጨረሻው ጥያቄ ለእርስዎ ሙያ ግዴታ ነው፤ በዚያ ዲስክ ላይ ያሉት የሌሎች ሰዎች ቤት፣ ሚስትና ልጆች ናቸው። ለምርመራ መጠነኛ ገንዘብ መጠየቅ ተገቢ ነው፤ ዝርዝሩን ሳያሳዩ ሙሉ ክፍያ በቅድሚያ መጠየቅ ግን ተገቢ አይመስለንም። እርስዎም ለእነሱ እውነቱን በሙሉ ይንገሩ፦ ምን እንደጠፋ፣ ዲስኩ በስንት ክፍል እንደነበር፣ ከዚያ በኋላ ምን እንደተሞከረ።

ለሙሽሮቹ ምን ይበሉ ለሚለው፣ የቴስትዲስኩን ዝርዝር እስከሚያዩ ድረስ ያሉት ቀናት ጥቂት ስለሆኑ እስከዚያ ቢታገሡ አይወቀሱም። ዝርዝሩ ከታየ በኋላ ግን የተመለሰላቸውንም ያልተመለሰላቸውንም በየግላቸው ያነጋግሩ። ያልተመለሰ ካለ ዘመዶቻቸው በስልክ የቀረጹትን እንዲያሰባስቡ ጊዜ ያገኛሉ፤ ስልክም እየተሸጠና እየተለወጠ ነውና መዘግየቱ ራሱ ጉዳት ነው።

የተመለሰ ቪዲዮ መጠኑ ትክክል ስለሆነ ብቻ ደህና ነው አይባልም። እያንዳንዱን ከፍተው መጀመሪያውን፣ መሃሉንና መጨረሻውን ይመልከቱ፣ ድምፁንም ያዳምጡ። በመሳቢያ የቆለፉበትን ዋናውን ዲስክ ደግሞ ሁሉም ሙሽሮች ተረክበው፣ በየቤታቸው ከፍተው አይተው ደህና መሆኑን እስኪነግሩዎ ድረስ ለሌላ ሥራ አያውሉት፤ ያ ሲሆን አዲስ ፓርቲሽን መፍጠርም ፎርማት ማድረግም ይችላሉ።